ባሌ ከሰረ፤ የአንገቴን ወርቅ ይወስዱብኛል?

ጥያቄው ከጎንደር ነው የመጣው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ባለቤቴ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። መንገድ ሲዘጋ፣ ዕቃ ሲጠፋ፣ በዱቤ የወሰዱ ሰዎች ሳይከፍሉ ሲቀሩ ሱቁ ወደቀ። የባንክ ብድር አለበት፤ ለሱ አይሱዙው ተይዟል። ዕቃ በዱቤ የሰጡት ነጋዴዎችም አሉ። አንዱ ከስሶ አስፈርዶበታል፤ ቤት መጥተው ንብረት ሊመዘግቡ ነው ተብለናል። ሌላው ደግሞ ‹ኪሳራ አስፈርድበታለሁ› ይላል። የምንኖረው በኪራይ ነው። ያለኝ ነገር እናቴ የሰጠችኝ የአንገት ሐብል፣ የጥሎሽ ወርቅ፣ የቃል ኪዳን ቀለበቴ፣ የአያቴ የብር ድሪና የብራና ዳዊት፣ ጥልፍ የምሠራበት የስፌት መኪና ነው። እህቴ አደራ ያስቀመጠችው ወርቅም እኔ ጋ አለ። የባለቤቴ አባት ጠመንጃም አለ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ‹ጌጣጌጥ አይነኩም፤ ሕግ አለ› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ሳይመጡ ሁሉንም አዘዞ ዘመድ ቤት ውሰጂው› ትላለች። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አዘዞ አትውሰጂው። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ይህን ያስቀደምኩት ምናልባት ዛሬ ማታ ልትወስኚው ስለምትችዪ ነው።

ጥብቅና ላይ ከቆየሁበት ጊዜ ወዲህ በዕዳ ምክንያት የተነሳ የወርቅ ክርክር ብዙ አይቻለሁ። ወርቃቸውን ካጡት ሰዎች ብዙዎቹ ያጡት ሕጉ ስለጨከነባቸው አልነበረም። መጀመሪያ ደበቁት። ኋላ «የራሴ ነው» ሲሉ የሚያምናቸው ጠፋ። አንዲት ደንበኛዬ ሐብሏን ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብራ ነበር። ሐብሉ ከጋብቻ በፊት የገዛችው፣ ንጹሕ የግሏ ንብረት ነው። ደረሰኙም ነበራት። ግን መዝጋቢዎቹ ሲመጡ «ወርቅ የለኝም» ብላ ፈርማ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጆንያው ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ ዳኛው ፊት ያንን ደረሰኝ ይዤ ስቆም የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም። የምልሽ ነገር አንድ ነው፤ የሚያተርፍሽ የማን መሆኑን ማስረዳት ነው እንጂ መደበቅ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ኪሳራ በኛ አፍ ሰፊ ነው። ሽንኩርት ነግዶ ሃምሳ ብር የጎደለውም «ከሰርኩ» ይላል። በሕግ ግን ኪሳራ ማለት ነጋዴ ዕዳውን መክፈል ሲያቆም ፍርድ ቤት የሚሰጠው ውሳኔ ነው። ድሮ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነበር የሚዳኘው። አሁን በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። የሚመለከተውም ነጋዴንና የንግድ ማኅበርን ነው። መምህር ወይም ነርስ ዕዳ ቢቆለልበት በኛ አገር «ኪሳራ» አይታወጅበትም። አበዳሪው ይከሰዋል፣ ያስፈርድበታል፣ ከዚያ የአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም የተፈረደለትን የሚያስከፍልበት መዝገብ፣ ይከፍታል፤ በቃ።

ባለቤትሽ ነጋዴ ስለሆነ ሁለቱም መንገድ ሊመጣበት ይችላል። አሁን ደጃችሁ የቆመው ግን አፈጻጸም ነው። ያስፈረደው ሰው ለራሱ ገንዘብ ብቻ ነው የሚመጣው። ሌላኛው ነጋዴ ያለውን ካደረገና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኪሳራውን ከወሰነ ነገሩ ይለወጣል። ፍርድ ቤቱ ንብረቱን የሚረከብ ሰው ይሾማል። ባለቤትሽ በንብረቱ ላይ የማዘዝ ሥልጣኑን ያጣል። አበዳሪዎች ሁሉ ይመዘገባሉ፤ የተሸጠው ተሽጦ በደረጃቸው ይካፈላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደኋላ ይታያል። መክፈል ካቆመበት ጊዜ ጀምሮ ለማን ምን ሰጠ፣ ለማን አድልቶ ከፈለ፣ ምን አሸሸ ተብሎ ይመረመራል። ጎረቤትሽ ይህን የምታውቅ አልመሰለኝም።

አዲሱ ሕግ ከመውደቅ በፊት ከአበዳሪዎች ጋር ተስማምቶ ዕዳን መልሶ የማዋቀር መንገድም ከፍቷል። ሱቁ አሁንም እስትንፋስ ካለው፣ ማለትም የሚሰበሰብ ዱቤና የሚሸጥ ዕቃ ካለ፣ ባለቤትሽ ይህን ከጠበቃ ጋር ይነጋገርበት። ሱቁ ተጠርጎ ካለቀ ግን ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «የሱቁ ዕዳ ከሱቁ ይከፈል፤ የቤቱ ዕቃ ምን አገባው?» ይላል። ንግድ ፈቃዱ በግል ስም ከሆነ ሱቁና ሰውየው አንድ ናቸው። የሱቁ ዕዳ እስከ ሳሎኑ ሶፋ ይደርሳል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር። አዲሱ ሕግ እንዲያውም አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ለናንተ አሁን አይረዳም፤ ነገ ሌላ ሱቅ ስትከፍቱ ግን አስቡበት።

ወንድምሽ የነገረሽ ውሸት አይደለም። ቦታው ነው የተሳሳተው። አሜሪካ ውስጥ በፌደራሉ የኪሳራ ሕግ ለጌጣጌጥ ብቻ የተለየ ገደብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ገደቡ 1,875 ዶላር ነበር፤ በየሦስት ዓመቱ ይስተካከላል። ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸው አላቸው። እንግሊዝ ደግሞ ሌላ ብልሃት አላት። ለቤተሰብ ኑሮ የሚያስፈልግ ዕቃ አይነካም፤ ግን ያ ዕቃ በጣም ውድ ከሆነ ንብረት ተረካቢው ወስዶ ሸጦ በርካሽ ይተካልሻል። የእኛ ሕግ ወርቅን በስም ጠርቶ «ይህን ያህል ይቅርላት» አይልም።

የእኛ ሕግ የሚያስቀረውን የምታገኚው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 404 ነው። ቁጥሩን በቃልሽ ያዢው። ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ አስፈላጊ የሆነ ልብስ፣ አልጋና መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃ አይወሰድም። ሰው በሙያው የሚሠራበት መሣሪያ አይወሰድም። ገበሬ ከሆነ የሚኖርበት ከብትና ዘር አይወሰድበትም። ለሦስት ወር የሚሆን ምግብና ገንዘብ ይቀራል። ጡረታና ቀለብ ተብሎ የሚቆረጥ ገንዘብ አይነካም። ደመወዝ ካለ ሁለት ሦስተኛው ይቀራል፤ ሰው «ሲሶውን ይቆርጡብሻል» የሚለው ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ ምጣድሽ፣ ጀበናሽ፣ አልጋሽ፣ የልጆች ብርድ ልብስ ላይ አትጨነቂ። ቴሌቪዥኑ፣ ሶፋው፣ ቡፌው ግን መጀመሪያ የሚመዘገቡት እነሱ ናቸው። ፍሪጁ ያከራክራል። ልጅሽ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ያንን ተናገሪ፤ ከሌለ ብዙ አትድከሚበት።

አሁን ወደ ወርቁ እንምጣ።

ስለ ወርቅ ሕጉ የሚጠይቀው «ወርቅ ነው ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «የማን ነው?» ብሎ ነው። በአማራ ክልል የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። እንደ ፌደራሉ ሕግ ሁሉ የባልና ሚስት ንብረት የግልና የጋራ ብሎ ይከፍላል። ከጋብቻ በፊት የነበረሽ የግልሽ ነው። ከጋብቻ በኋላም ቢሆን በውርስ ወይም በስጦታ ለአንቺ ብቻ የመጣ የግልሽ ነው። በትዳር ውስጥ ተሠርቶ የተገዛ ግን የጋራ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ ሁሉም ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የማስረዳት ሸክሙ ያንቺ ነው።

የአንድ ተጋቢ የግል ዕዳ የሚከፈለው መጀመሪያ ከራሱ የግል ንብረት ነው፤ ካልበቃ ከጋራው። ከሌላው ተጋቢ የግል ንብረት አይከፈልም። እንግዲህ የእናትሽ ሐብል የግልሽ መሆኑ ከተረጋገጠና ዕዳው የባለቤትሽ ብቻ ከሆነ አበዳሪው እጁን አይዘረጋበትም። ሁለቱም መሟላት አለባቸው።

ማስረጃው ምንድን ነው? ሰው ወርቅ ሲባል ደረሰኝ ብቻ ይመስለዋል። እናቶቻችን ደግሞ ወርቅ ሲገዙ ደረሰኝ ሳይሆን ክብደት ነው የሚያዩት። ስለዚህ የሠርጉን ቪዲዮ አውጪው። የምሬን ነው። አንድ ክርክር የረታሁት በሠርግ ቪዲዮ ነው። የሙሽራዋ እናት ሐብሉን ሲያጠልቁላት፣ «ይህ የናቴ ነው፤ ላንቺ ነው» ሲሉ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። ዳኛው ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙት። ከሠርጉ በፊት ሐብሉን አድርገሽ የተነሳሽው ፎቶ ካለ እሱም ይጠቅማል፤ ትምህርት ቤት የተመረቅሽበት፣ ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ አጠገብ የተነሳሽው፣ የትኛውም። እናትሽ በሕይወት ካሉ ይመስክሩ። ወርቅ ቤት ሄደሽም አስመዝኚው፤ ክብደቱንና ካራቱን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበዪ። ኋላ «ያኛው ሐብል እንጂ ይህ አይደለም» የሚል ክርክር እንዳይነሳ።

የጥሎሹ ወርቅ ትንሽ ይጠልፋል። ሽማግሌዎች ፊት ተቆጥሮ ለሙሽራዋ የተሰጠ ጌጥ ስጦታ ነው፤ ለአንቺ ነው የተሰጠው። ግን አበዳሪው «ይህ የባልየው ቤተሰብ ንብረት ነው፤ ለሁለቱም የተሰጠ ነው» ሊል ይችላል። በዚያን ቀን የነበሩ ሽማግሌዎችን ስም ጻፊ። የጥሎሽ ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ ከሆነ ፈልጊው። ጎንደር ላይ ብዙ ቤተሰብ ይህን ወረቀት ይጽፋል፤ ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ይረሳዋል።

የቃል ኪዳን ቀለበት ከሰው ጣት ሲወልቅ አይቼ አላውቅም። ይህ ልምዴ ነው እንጂ ሕጉ አይደለም። በሕግ በኩል እሱም እንደ ሐብሉ በሠርግሽ ቀን የተሰጠሽ ስጦታ ነው።

ከሠርጉ በኋላ ባለቤትሽ ሲያተርፍ የገዛልሽ ካለስ? እዚህ ላይ አላታልልሽም። «ስጦታ ነው» ልትዪ ትችያለሽ። ዳኛ ግን የሱቅ ትርፍ ወርቅ ሆኖ እንደተቀመጠ አድርጎ ነው የሚያየው። ብዙ የኛ ሰው ባንክ ከማስቀመጥ ወርቅ መግዛትን ይመርጣል፤ ዳኞችም ይህን ያውቃሉ። እንዲህ ያለውን የጋራ ብለሽ አስመዝግቢ። ሌላውን ስትከራከሪ ታማኝ ያደርግሻል።

የብር ድሪው ከአያትሽ በውርስ ወይም በስጦታ ከመጣ የግልሽ ነው። በሐራጅ ዋጋው ኢምንት ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይከራከሩበትም። የድሮ ድሪ በብዛት ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው። ያ ማርያ ትሬዛ ያለችበት፣ መቼም ይመታ መቼ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት ብር ማለቴ ነው። አንጥረኛ በሚዛን ብቻ ገምቶ ሲገዛው ያንን ሁሉ የእጅ ሥራ በነፃ ነው የሚወስደው። የቸገራት ሴት መጀመሪያ የምትሸጠው ድሪዋን መሆኑ ሁሌ ይቆጨኛል።

አሁን ከወርቁ የሚበልጠውን ጥያቄ ልጠይቅሽ። ፈርመሻል ወይ?

ባንኩ ብድር ሲሰጥ ሚስትንም ያስፈርማል። አንዲት ሴት ስትፈርም ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ልትፈርም ትችላለች። አንደኛው ስምምነት ብቻ ነው፤ «የጋራ ንብረታችን የሆነው መኪና እንዲያዝ ተስማምቻለሁ» የሚል። እንዲህ ከሆነ መኪናው ተሽጦ ባይበቃ ቀሪውን ከግል ወርቅሽ አይጠይቁሽም። ሁለተኛው ዋስትና ነው። ሦስተኛው ተበዳሪ ሆኖ መፈረም ነው። በኋለኞቹ ሁለቱ የግል ንብረትሽም ተጠያቂ ይሆናል፤ የእናትሽ ሐብል ጭምር። ዋስ ሆነሽ ከሆነም ውሉን አንብቢው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተጠቀሰ አይጸናም። «ሙሉ በሙሉ ዋስ ነኝ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ውል ይዘው የመጡ አበዳሪዎች ገጥመውኛል።

ምንም ባትፈርሚም አበዳሪዎቹ ሌላ በር አላቸው። «ዕዳው ለትዳር ጥቅም የዋለ ነው» ይላሉ። ለቤተሰቡ ኑሮ የተገባ ዕዳ የሁለታችሁም ነው። «ሱቁ ነው ቤቱን ያበላ፤ የልጅ ትምህርት ቤት የተከፈለው ከዚያ ነው» ብለው ይከራከራሉ። ባየኋቸው መዝገቦች በጋብቻ ጊዜ የመጣ ዕዳ ለትዳሩ አልዋለም የምትል ሴት ራሷ ማስረዳት ሲጠበቅባት አይቻለሁ። ብድሩ ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ እንደዋለ፣ ቤቱ የሚተዳደረው ካንቺ ጥልፍ እንደነበረ የሚያሳይ ነገር ካለሽ አቅርቢ። የቤት ኪራይ የምትከፍዪው አንቺ ከነበርሽ አከራይሽ ይመስክሩ። ይህ ክርክር ከሁሉ የከረረው ነው፤ እሸነፋለሁ ብለሽ ግን አትተዪው።

አይሱዙውን እርሺው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ክስ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሌሎቹ አበዳሪዎችም በመኪናው ላይ ከባንኩ በኋላ ናቸው። ከሽያጩ የተረፈ ካለ ለማን እንደሄደ ግን ተከታተሉ። ያ ገንዘብ ሌላውን ዕዳ ያቀልላል፤ ሰው ደግሞ ተናዶ ወደዚያ መሄድ ያቆማል።

የእህትሽ ወርቅ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ፤ በዕዳ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ያጨልማል። ቤትሽ የተገኘ ሁሉ ያንቺና የባለቤትሽ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። እህትሽ ወርቋን ዛሬ መውሰድ ትችላለች፤ የራሷ ነውና። ግን በግልጽ ትውሰደው። ምን እንደሆነ፣ መቼ አደራ እንዳስቀመጠች፣ ዛሬ እንደተረከበች ተጽፎ ሁለት ሰው ይፈርምበት። የራስሽን ሐብል እዚያ መሃል አትጨምሪ! አንዷ የሌላዋን ታበላሻለች። ሳትወስደው ከተመዘገበ ደግሞ እህትሽ ራሷ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 መሠረት አፈጻጸሙን ለያዘው ፍርድ ቤት የመቃወሚያ አቤቱታ ታቅርብ። «ንብረቱ የኔ ነው፤ ባለዕዳው አይደለሁም» ብላ። ሐራጁ ከመውጣቱ በፊት። ሰው ዝም ብሎ ቆይቶ ወርቁ ከተሸጠ በኋላ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ጎረቤትሽ እንዳለችው ሁሉንም አዘዞ ብትወስጂስ? የጋራ የሆነውን ወርቅ በስጦታ ስም ለዘመድ ብታስተላልፉት አበዳሪ ያፈርሰዋል። ነጻ ስጦታ ከሆነ ማፍረሱ ቀላል ነው፤ ዘመድሽ የከፈለችው ነገር የለምና። ኪሳራ ከታወጀ ደግሞ ንብረት የማሸሽ ጉዳይ በወንጀል ሕጉ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ባለቤትሽ የከሰረ ነጋዴ ሆኖ ይቆይ፤ ወንጀለኛ አታድርጊው። ለአንዱ የቅርብ ወዳጅ ብቻ ቀድሞ መክፈልም ያው ነው። ባለቤትሽ «እሱ ውለታ አለው» ብሎ ለዕቁብ ዳኛው ወርቅ ሰጥቶ ከሆነ ንገሪኝ።

የስፌት መኪናሽ መሥሪያሽ ነው። ቁጥር 404 ያስቀረዋል። አንድ ከሆነ ማለቴ ነው። አምስት መኪና ገዝተሽ ሴቶች ቀጥረሽ ከሆነ አራቱ ንግድ ናቸው። ሌላ ጥንቃቄም አለ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ የሚንቀሳቀስ ዕቃ፣ እጅሽ ላይ እንዳለ፣ ለብድር በዋስትና ሊመዘገብ ይችላል። የስፌት መኪናውን አስይዘሽ ብድር ወስደሽ ከነበረ ያ አበዳሪ መብት አለው። የጀመርሽው የሰው ቀሚስ ካለ የደንበኛሽን ስም ጽፈሽ አያይዢበት። የሰው ጥልፍ ተመዝግቦ ሠርግ የዘገየባት ሙሽራ አውቃለሁ።

የብራና ዳዊቱን በጣም ጠንቀቅ ብለሽ ያዢው። የአያትሽ ከሆነና ለአንቺ ከደረሰ የግልሽ ነው። ግን መጀመሪያ ገልጠሽ እዪው። ከፊት ወይም ከኋላ ገጽ ላይ «ዘደብረ…» የሚል ጽሑፍ ካለበት የቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የባለቤትሽም ያንቺም አይደለም። ሌላው ደግሞ ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ሰው ሲቸገር ሽታው ይሰማቸዋል መሰለኝ፣ ወዲያው «አንድ ፈረንጅ ይገዛልሻል» የሚል ደላላ ይመጣል። በሩን ዝጊበት። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ በዝሆን የጫኑት ብራና ብዙው አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቡት ነበር። የቀረውን በዝሆን ሳይሆን በሻንጣ ነው የሚያወጡት። ዳዊቱን ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳይተሽ አስመዝግቢው። መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ያንን ወረቀት አሳዪያቸው።

ጠመንጃውን ማንም ሰው «ሸጠን ዕዳ እንክፈል» እንዳይል። ያለ ፈቃድ መሸጥና መግዛት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚያስጠይቅ ነው። የአባት ጠመንጃ መሸጥ ባለቤትሽን ከወርቁ በላይ እንደሚያመው አውቃለሁ። ፈቃዱ በአባቱ ስም ከቀረ ፖሊስ ጋ ሄዶ ሁኔታውን ያስተካክል፤ የዕዳው ጉዳይ ውስጥ አይግባ።

ሰዎቹ የሚመጡበት ቀን እንዴት ይሁን? ቤት ሁኚ። ባለቤትሽም ይኑር። አትሳደቡ፤ የታዘዙ ሠራተኞች ናቸው። የሚመዘግቡትን ከነሱ ጋር እየዞርሽ እዪ። የግልሽ ነው የምትዪው ነገር ሲመዘገብ አትጣዪ፤ ግን ዝርዝሩ ላይ «ይህ የእኔ የግል ንብረት ነው፤ እቃወማለሁ» ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚ። ኮፒውን ተቀበዪ። ወርቅ ከተወሰደ ክብደቱ በፊትሽ ተመዝኖ ይጻፍ። «አንድ የአንገት ሐብል፣ ቢጫ ቀለም» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ዝርዝር አይቻለሁ፤ ያ የናስም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ቀን አትቁጠሪ፤ በማግስቱ አቤቱታሽን አስገቢ።

የጋራ የሆነው ወርቅ መሸጡ ካልቀረ በሐራጅ ከሚሸጥ እናንተ ብትሸጡት ይሻላል። ሐራጅ ላይ የእጅ ዋጋ አይታሰብም። ገዢው ርካሽ ፈልጎ ነው የሚመጣው። ላስፈረደው ሰው በሽማግሌ በኩል «ይህን ወርቅ ፒያሳ ወርቅ ቤት አብረን ሄደን እንሽጥ፤ ገንዘቡን ተቀበልና መዝገቡን ዝጋው» በሉት። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ይቅረብ። ሁለተኛው ነጋዴ የኪሳራ አቤቱታ ካስገባ በኋላ ግን ይህን አታድርጉ፤ ያኔ ለአንዱ አድልቶ መክፈል ይሆናል።

ባለቤትሽ መታሰርን ይፈራ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ግን ሁሉም ይፈራል። ድሮ ባለዕዳና ከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ይሄዱ ነበር፤ «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው ቃል የዚያ ቅሪት ነው። ያ ቀርቷል። ገንዘብ እያለው አልከፍልም ያለ ሰው ላይ ፍርድ ቤት ሊበረታ ይችላል። የሌለው ሰው ግን ስለሌለው ብቻ አይታሰርም። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ባለቤትሽ ለነዚህ ነጋዴዎች ቼክ ጽፎላቸዋል ወይ? በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያስቀጣል። የጻፈው ካለ ከወርቁም ከመኪናውም በፊት ለዚያ ነው መሯሯጥ ያለበት። ደረቅ ቼክ የያዘው ሰው ማን እንደሆነ፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ ቶሎ ይንገርሽ።

ጠበቃ ለመክፈል ካልቻልሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እዚያ መሄድ ትችያለሽ። የትም ብትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የፍርዱን ግልባጭ፣ የጋብቻ ማስረጃሽን፣ የሠርጉን ቪዲዮ ያለበትን ፍላሽ፣ የባንኩን ብድር ውል ሁሉንም ገጽ ያዢ። ውሉ ላይ ከስምሽ በላይ ያለችውን አንዲት መስመር ግን ዛሬውኑ አንብቢያት። «ተስማሚ» ይላል፣ «ዋስ» ይላል ወይስ «ተበዳሪ»? ያቺን ቃል ላኪልኝ። ስለ እናትሽ ሐብል እርግጠኛ ሆኜ የምመልስልሽ ከዚያ በኋላ ነው።